የደሃቦ ቢጫ ጠባሳዎች

ጅግጅጋ ውስጥ የደሃቦን ቤት ለማግኘት የቀበሌና የቤት ቁጥር መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። የተሰበረ ባምፐር እንደ ታጠበ ልብስ አጥር ላይ ተሰጥቶ ካየህ ደርሰሃል። ነጩም፣ ጥቁሩም፣ የባጃጁ ፓራፋንጎም፣ የአይሱዙው መብራት ማቀፊያም እዚያ ተሰቅሎ ፀሐይ ይሞቃል። በሩን አንኳኩተህ ስትገባ ሃምሳን የተሻገረች ሴት አንድ እግሯን ዘርግታ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ቢላ ከሰል ላይ ስታግል ታገኛለህ። ሰላም ብለህ ሳትጨርስ የያዝከውን ስብርባሪ ከእጅህ ተቀብላ ታሸተዋለች። ሰላምታህን የምትመልሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቅር አይበልህ፣ ከሁሉም ጋር እንዲሁ ናት።

ይህ አፍንጫ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ደሃቦ የግመል ወተት ነጋዴ ነበረች። የወተት ዕቃ በእንጨት ጭስ ይታጠናል፤ ካልታጠነ ወተቱ ቶሎ ይበላሻል። እሷ ታዲያ ገና በልጅነቷ የጀሪካኑን አፍ አሽትታ ዕቃው በየትኛው እንጨት እንደታጠነ፣ አንዳንዴም ወተቱ ከማን ቤት እንደመጣ ትናገር ነበር። ገበያ ላይ ሴቶች ‹‹ይሄ የእኔ ነው፣ ያ ያንቺ ነው›› ብለው ሲጣሉ እሷን ይጠሯታል። አሽትታ ትፈርዳለች፤ ይግባኝ የሚባል ነገር አልነበረም።

ወተቱን ያስተዋት ጉልበቷ ነው። በ1999 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ከወተት ሴቶች ጋር ከገጠር ለመመለስ የጭነት አይሱዙ ላይ ወጣች። ጀሪካኖቹን አደላድላ፣ እሷ ራሷ ገና ሳትቀመጥ ሹፌሩ ነዳ። ደሃቦ በጀርባዋ ቁልቁል ወደቀች። ሴቶቹ ጮኸው መኪናው ሲቆም ጉልበቷ ጉልበት በማይታጠፍበት በኩል ታጥፎ ነበር።

ሹፌሩ ዐብዲጀባር ይባላል። ሆስፒታል በር ላይ አውርዷት ሄደ፤ መሄዱ ነው። በሶማሌ ወግ ሰው የጎዳ ሰው ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፣ በሰው ፊት ‹‹ጥፋቱ የእኔ ነው›› ይላል፣ ካሳው የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ካሳው ይቅር ሊባልም ይችላል። መምጣቱ ግን አይቀርም። ዐብዲጀባር አልመጣም። መስመሩን ወደ ደገሀቡር ቀይሮ ከከተማው ዓይን ጠፋ። ደሃቦም ስሙን መጥራት ተወች፤ ብቻ በብርድ ቀን ጉልበቷ ሲጠዘጥዛት ‹‹ይኸው ሹፌሩ መጣ›› ትላለች። ቤተሰቡ ይስቃል። እሷ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ቆማ መሸጥ ባትችል ተቀምጣ መጠገን ያዘች። የወተት ሴቶች የተሰነጠቀ ጀሪካናቸውን ያመጡላታል። ከአሮጌ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቀጭን ልጥ ትቆርጥና ልጡን በጋለ ቢላ ስንጥቁ ላይ እያቀለጠች ታስኬደዋለች። ጠብታ አያሳልፍም። እንዲህ እያለች ዓመታት አለፉ፣ ጎረቤቷ አሰፋ የአህያ ጋሪ እስኪገጭ ድረስ።

አሰፋ የሐረር መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነው። አባቱ በውትድርና መጥተው ጅግጅጋ የቀሩ ናቸው፤ እሱ እዚያው ተወልዶ፣ በአማርኛ ጀምሮ በሶማሊኛ የሚጨርስ ሰው ሆኖ አደገ። በ2005 ዓ.ም. ፋፈን አካባቢ ከጋሪ ጋር ተጋጭቶ ነጩ ባምፐሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። ተሸክሞት በቀጥታ ደሃቦ ዘንድ ገባ።

‹‹ኤዶ፣ ጀሪካን የለመደ እጅ ባምፐር ይፈራል እንዴ?›› አላት። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ሥጋ ዝምድና ባይኖራቸውም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራት እንዲሁ ነው።

‹‹እጄ ምንም አይፈራም፤ የሚፈራው ጉልበቴ ነው። አምጣው።››

ጠገነችው። ነጩ ባምፐር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጫ ጠባሳ ወጣበት። አሰፋ እንደ ሜዳሊያ አንጠልጥሎት መናኸሪያ ገባ፤ ያየ ሹፌር ሁሉ አድራሻ ጠየቀ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሃያ አራት ቢጫ ጠባሳ ጅግጅጋ ውስጥ ይዞር ጀመር። ደሃቦ በር ላይ ተቀምጣ የእጅ ሥራዋ ሲያልፍ ስታይ ደስ ይላታል። ለምን ደስ አይላት? ጉልበቷ ከተሰበረ ወዲህ ከቤት ያልወጣች ሴት በየመንገዱ ትታይ ነበር እኮ።

ደስታው ዕድሜ አልነበረውም። አንድ ከሰዓት በኋላ የአሰፋ ባምፐር ካራማራ ቁልቁለት ላይ ወልቆ ወደቀና የራሱ ጎማ ወጣበት። ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አሰፋ ስብርባሪውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጥቶ ‹‹ኤዶ፣ ይኸው ልጅሽ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ›› አላት። እሷ ግን አልሳቀችም። ቢጫውን ልጥ በጥፍሯ ጫፉን ይዛ ሳብ ስታደርገው ከዳር እስከ ዳር እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላቀቀ። ስንጥቁ ከሥሩ እንደ መጀመሪያው ቀን አፉን ከፍቶ ተገኘ። ቢላዋን ወረወረች። አንድ ሳምንት ሙሉ በሯ ተዘጋ።

በስምንተኛው ቀን በአጥሩ በኩል ‹‹አሰፋ! አሰፋ!›› ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ሁለት የሚጨስ ቁራጭ በሁለት እጇ ይዛለች።

‹‹አሽትት። ይሄ ጀሪካኑ ነው።››

‹‹ሻማ ሻማ ይላል።››

‹‹ይሄስ? ባምፐሩ ነው።››

አሰፋ አሸተተ። ‹‹እሱም ሻማ ነው፣ ኤዶ።››

‹‹አፍንጫ የለህም! ከሻማው ኋላ ናፍጣ አለ። ወላሂ፣ እነዚህ ሁለቱ ዘመድ አይደሉም። ጎሳቸው ይለያያል።››

‹‹ፕላስቲክም አባት ይቆጥራል በዪኛ!››

‹‹ይቆጥራል። እኔ ነኝ አባቱን ሳልጠይቅ ያጋባሁት።››

ሶማሌ ልጁን አፉን እንደፈታ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ የዘር ሐረጉን ያስቆጥረዋል። ደሃቦ ያንኑ ሥርዓት ለስብርባሪ አወጣች። የወዳደቀ ባምፐር፣ የተቀጠቀጠ መብራት፣ የተጣለ ዳሽቦርድ እያስለቀመች ከእያንዳንዱ ትንሽ ፍቅፋቂ ታቃጥላለች፤ ሻማ የሚሸተው በአንድ ከረጢት፣ ሻማና ናፍጣው በሌላ፣ ጥቁር ጥላሸት የሚተፋው በሦስተኛ። ‹‹እነዚህ ኩሩዎች ናቸው፣ ከማንም ጋር አይጋቡም›› ትላለች ስለ ጥላሸታሞቹ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ስብራት የምትሞላው ከራሱ ወገን በተቆረጠ ልጥ ነው፤ ከሥሩም ከተቃጠለ ዲናሞ የወጣ የመዳብ ሽቦ እያጋለች ታስገባለች። ቢጫውን ጀሪካን ከመኪና ሥራ አባረረችው። አዲሱ ጥገናዋ አልወለቀም፤ እንዲያውም አሰፋ ሁለተኛ ጋሪ ገጭቶ ባምፐሩ ሌላ ቦታ ነው የተሰበረው።

ነገር ግን አሮጌዎቹ ቢጫዎች መንገድ ላይ ነበሩ።

ዘካሪያ የዓመቱን የመኪና ምርመራ የሚሠራ ሰው ነው። ያለ እሱ ፊርማ ቦሎ የለም፤ ያለ ቦሎ ሥራ የለም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ታክሲ ሲመረምር የፊት መብራቱን ነካ ቢያደርገው መብራቱ እጁ ላይ ቀረ። ዙሪያውን ቢጫ ልጥ ተንጠልጥሏል። ዘካሪያ ቁጡ ሰው አይደለም፤ ለዚህ ግን ተቆጣ። ‹‹ይሄ በማታ ጉዞ ላይ ቢወልቅ ማን ይጠየቃል?›› አለ፤ ከዚያም በዚያች ሴትዮ እጅ የተጠገነ ነገር ሁሉ፣ ቢጫም ሆነ አልሆነ፣ እንደማያልፍ ለሹፌሮች ተናገረ። ወሬው ከሰዓት በኋላ ከተማውን ዞረ። በማግስቱ ሹፌሮች ዕቃቸውን ከአጥሯ ላይ እያወረዱ ወሰዱ። አጥሩ ባዶውን ቀረ።

ደሃቦን የቆረጣት የዘካሪያ ቁጣ አልነበረም። ትክክል መሆኑ ነው። ያ መብራት ቢወልቅ ሰው ይሞት እንደነበር ታውቃለች። በሦስተኛው ቀን አሰፋን አስከትላ፣ ምርኩዟን ይዛ ሄደች።

‹‹ዘካሪያ አንተ ነህ?››

‹‹እኔ ነኝ እናቴ፤ ይቀመጡ።››

‹‹ቢጫው የድሮ ጥፋቴ ነው። አሁን ሥራውን አውቄዋለሁ። የአሁኑን እይልኝ።››

‹‹እኔ የምፈርመው በዓይኔ ባየሁት ላይ ነው፣ እናቴ። በየቀኑ መንገድ ላይ የማየው ደግሞ ቢጫውን ነው። ቢጫው ከመንገድ ሲጠፋ ይምጡ፣ እንነጋገራለን።››

አሰፋ ይህ በትሕትና የተነገረ ‹‹አይሆንም›› መሆኑ ገብቶት አንገቱን ደፋ። ደሃቦ ግን ቀጠሮ እንደተሰጣት ነው የቆጠረችው። ወደ ቤት ሲመለሱ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥር ነበር። መጻፍ አትችልም፤ ሃያ አራቱን ግን ግመሉን የሚያውቅ ሰው መንጋውን እንደሚያውቅ ታውቃቸዋለች፤ ይሄ ጆሮው የተቀደደው፣ ያ ከንፈሩ የተሰነጠቀው እያለች።

በማግስቱ ጠዋት ዱካዋን፣ የከሰል ምድጃዋንና ሦስቱን ከረጢቶች መናኸሪያው መውጫ ላይ አስቀመጠች። ቢጫ ጠባሳ ብቅ ሲል ምርኩዟን መንገድ ላይ ትዘረጋለች። ‹‹አንተ! ባለ ቢጫው! ቁም!›› ሹፌሮች ምን ፈልጋ እንደሆነ ባለማወቃቸው ሸሿት። አንዱ ባጃጅ ተሳፋሪውን እንደጫነ በመጣበት ዞሮ ጠፋ። የቆመው ደግሞ ያላሰበው ነገር ይጠብቀዋል፤ ቢጫውን ነቅላ፣ ከወገኑ ልጥ ቆርጣ፣ በሽቦ ሰፍታ፣ አንዲት ሳንቲም ሳትቀበል ትሸኘዋለች። የጅግጅጋ ነፋስ አመዱን ፊቷ ላይ ይበትነዋል። ትራፊክ ፖሊሱ ሁለት ጊዜ መጥቶ አስነሣት፤ ሁለት ጊዜ አምስት እርምጃ ፈቀቅ ብላ ተቀመጠች።

ዘካሪያ በሞተር ብስክሌቱ ወደ ሥራ የሚያልፈው በዚያ ነው። የመጀመሪያው ቀን ፈገግ ብሎ አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ሞተሩን አቁሞ ‹‹እናቴ፣ አንድ ባለ ቢጫ ፒካፕ ጠዋት ጠዋት በከብት ተራ በኩል ያልፋል›› ብሎ ሄደ። ደሃቦ ያን ቀን ምሳዋን አጣጥማ በላች።

በሦስት ሳምንት፣ የአሰፋን ጨምሮ፣ ሃያ ሦስት ደረሰች። ሃያ አራተኛው ጠፋ። የአይሱዙ የፊት መብራት ማቀፊያ ነበር፤ የድሮ የወተት ጓደኛዋ ካልቱን በፌስታል አምጥታ፣ የማን እንደሆነ ሳትናገር አሠርታ የወሰደችው። ደሃቦ አስጠራቻት።

‹‹የማን ነበር?››

ካልቱን ሻሿን አስተካከለች፤ ወዲያው ደግሞ አስተካከለች። ‹‹አባዮ፣ እህቴ፣ ተይው ይቅር።››

‹‹ካልቱን!››

‹‹የዐብዲጀባር ነው። ብነግርሽ አትሠሪውም ብዬ ነው። እኛንም የሚጭነን እሱ ነው፣ መብራት ያስፈልገው ነበር።››

አሰፋ አጥሩ ጋ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ሮጥ ብሎ ገባ። ‹‹ኤዶ፣ ስሚኝ። መኪናው እዚህ አይመጣም። ዘካሪያ አያየውም። ከሃያ አራት ሃያ ሦስት ምን ጎደለው? ጨረስኩ በይው፤ ማን ይቆጥራል?››

‹‹እኔ እቆጥራለሁ›› አለች። ‹‹አንዷ ግመል ውጭ መቅረቷን እያወቅኩ በረቱን ዘግቼ እተኛለሁ? ደግሞ ካልቱን በዚያ መብራት ነው የምትሄደው። ነገ መኪናህን አዙር፤ ደገሀቡር እንሄዳለን።››

ለሷ ይህን ማለት ቀላል አልነበረም። ከወደቀች ወዲህ ከከተማ ወጥታ አታውቅም። መንገዱን ሙሉ የፊት መቀመጫውን እጀታ ሁለት እጇ እስኪደነዝዝ ጨብጣ ሄደች። ኬላ ላይ ፈታሹ ከረጢቶቹን ከፍቶ ስብርባሪ ብቻ ሲያገኝ ግራ ገብቶት ‹‹ይሄ ምንድን ነው?›› አለ። ‹‹ዘመዶቻቸው ናቸው›› አለችው። አሰፋ ሳቁን አፍኖ ነዳ።

አይሱዙው ደገሀቡር ከብት ገበያ አጠገብ፣ አንዲት ሻይ ቤት በር ላይ ቆሞ አገኙት። ግራ መብራቱ ዙሪያ ቢጫ ልጥ፤ ጫፉ ተነሥቶ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ዐብዲጀባር ከሽማግሌዎች ጋር ሻይ ይጠጣ ነበር። ሸብቷል። በምርኩዝ እያነከሰች የምትመጣውን ሴት ሲያይ ብድግ ብሎ ተነሣ፤ ሻዩ ተደፋ። ወዴት እንደሚሸሽ የሚፈልግ ይመስል ዓይኑ ዞረ፤ ግን መሸሻ አልነበረም።

‹‹ደሃቦ›› አለ። ‹‹ስለ ጉልበትሽ... ሽማግሌ ልልክ... ብዙ ጊዜ አስቤ...››

‹‹ለጉልበቴ አልመጣሁም›› አለችው። ‹‹የመጣሁት ለመብራትህ ነው።››

ከዚያም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። ቃሉንም እንደ ወጉ አስተካክላ ተናገረችው። ‹‹አባቶቼ ስሙኝ። የዚህን ሰው መብራት የጠገንኩት እኔ ነኝ። ዘመዱ ካልሆነ ጋር አጣበቅኩት። አይይዝም። በመንገድ ወልቆ ሰው ሊሞት ይችል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሽማግሌዬን ይዤ መጥቻለሁ፤ ይኸው›› ብላ ወደ አሰፋ አመለከተች። የኳስ ማሊያ የለበሰው ሽማግሌ በድንጋጤ ኮፍያውን አወለቀ። ‹‹ላስተካክለው ነው የመጣሁት። ካሳ የሚል ካለም ይጠይቀኝ።››

ዐብዲጀባር ሰባት ዓመት የሸሸውን ቃል የተጎዳችው ሴት ራሷ፣ አንከስ እያለች፣ እሱ ፊት መጥታ ተናገረችው። እሱም መፍቻ አምጥቶ መብራቱን ፈታላትና እንደ ተማሪ ከአጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ደሃቦ ቢጫውን ነቀለች። ማቀፊያውን ፋቀች፣ አቃጠለች፣ አሸተተች። ከሦስቱ ከረጢቶች አንዱም ወገኑ አልነበረም። አሰፋ ‹‹በቃ፣ እስከዚህ መጥተን...›› ሲል እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችው። ማቀፊያውን እያገላበጠች አየችው፤ በጀርባው በኩል፣ መኪናው ውስጥ የሚደበቅ፣ ለምንም የማያገለግል ሰፊ ጠርዝ አለው። ከዚያ ቀጭን ልጥ ቆረጠች። ከራሱ ወስዳ ለራሱ። ሽቦውን አግላ ሰፋችው፣ ልጡን አቀለጠችበት። ዐብዲጀባር ማቀፊያውን በሁለት እጁ ይዞላት ነበር፤ ቢላው ሲያልፍ ጣቱን ለበለበው፤ አልለቀቀም።

ሥራው ሲቀዘቅዝ አንገቱን ሳያነሣ ተናገረ። ቀስ ብሎ ነው፣ ግን ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙት አድርጎ። ‹‹እኔም ጥፋት አለብኝ። መቀመጧን ሳላይ ነዳሁ። ጉልበቷን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ፈርቼ ሸሸሁ። ካሳውን ትናገር።››

ደሃቦ አለቀሰች። ሰው ፊት የማታለቅስ ሴት ናት፤ ግን ሰባት ዓመት የጠበቀችው ይህንኑ ነበር፤ ጉልበቷ እንደማይመለስ ታውቃለች፣ ይህ ቃል ግን መምጣት ነበረበት። ሽማግሌዎቹ ካሳውን ሲጠይቋት በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ‹‹መኪናውን ጅግጅጋ ይንዳልኝና ዘካሪያ ይየው። እኔም በዚያው መኪና እመለሳለሁ›› አለች። ሌላ አልጠየቀችም።

ዘካሪያ በማግስቱ መብራቱን በሁለት እጁ ይዞ ጎትቶ ጎትቶ እንዳቃተው፣ ከረጢቶቹን አሽትቶ እንዳስነጠሰው፣ ከዚያም ለሹፌሮቹ ‹‹የደሃቦ ሥራ ያልፋል›› እንዳለ የሚያወራው አሰፋ ነው። አጥሩም ምስክር ነው፤ ዛሬ የሚሰቀልበት ቦታ ጠፍቷል። እሷ ራሷ ስታወራው ግን እዚያ ድረስ አትሄድም። የምትጨርሰው ደገሀቡር ላይ ነው።

አሰፋ ደግፎ የአይሱዙው ጋቢና ውስጥ አስገባት። ዐብዲጀባር መሪውን ይዞ ተቀመጠ፤ ቁልፉን ግን አላዞረም። ሽማግሌዎቹ ቆመው ያያሉ።

‹‹ተቀመጥሽ?›› አላት።

የታመመውን እግሯን በሁለት እጇ አንሥታ አስተካከለች፤ ልብሷን ሰበሰበች፤ ምርኩዟን በጉልበቷ መካከል አቆመች። አልቸኮለችም። እሱም አልቸኮለም።

‹‹ተቀመጥሽ ወይ?›› አለ ደግሞ።

‹‹ተቀምጫለሁ›› አለችው። ‹‹አሁን ንዳ።››